ታቺሃራ ማሳአኪ፦ ስለ ትውልዱ የዋሸን ደራሲ እንዴት እናንብበው?

ጥያቄ፦ ከአብማ ማርያም ሰፈር፣ ደብረ ማርቆስ

የተከበራችሁ አንባቢዎች፣ እኛ በደብረ ማርቆስ በየአሥራ አምስት ቀኑ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እየተሰበሰብን መጽሐፍ የምናነብ ዘጠኝ ሰዎች ነን። እስካሁን የምናነበው የአገራችንን ደራስያን ሲሆን፣ በዚህ ወር ግን ከመካከላችን አንዱ ታቺሃራ ማሳአኪ የተባለ የጃፓን ደራሲ የጻፈውንና በ1992 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ የታተመውን አንድ ልብ ወለድ ይዞልን መጣ። ታሪኩ የግቢ አትክልት በመንደፍ የሚተዳደር አንድ ባለሙያና ግቢዋን ሊያሰናዳላት የመጣባት አንዲት ባለትዳር ሴት የሚገቡበትን ፍቅር ይተርካል። ስለ ድንጋይ አቀማመጥ ሲያወሩ የሚያወሩት ስለ ድንጋይ ብቻ እንዳልሆነ ለመረዳት ጊዜ ወሰደብን፤ ከገባን በኋላ ግን ወደድነው።

የተጣላነው በመጽሐፉ ሳይሆን በሰውየው ነው። አንደኛው አጭር የሕይወት ታሪክ አባቱ ኮርያዊና ጃፓናዊ ደም የተቀላቀለባቸው፣ ከመሳፍንት ወገን የሆኑና በኋላ ዜን የሚባለው የቡድሃ እምነት ዘርፍ መነኩሴ የሆኑ ሰው ነበሩ ይላል። ሌላው ደግሞ አባትም እናትም ኮርያውያን እንደነበሩና የመኳንንቱን ዘር ደራሲው ራሱ እንደ ፈጠረው ይናገራል። ከመካከላችን አንድ አዛውንት፣ «ስለ አባቱ የዋሸ ሰው ስለ ማን እውነት ሊነግረን ነው?» ብለው መጽሐፉን አጥፈው አስቀመጡት። እኔ በበኩሌ ልተወው አልቻልኩም። እውነቱ የትኛው እንደሆነ፣ የቡድሃ እምነት በሥራው ላይ ያለው ድርሻ በእርግጥ ምን ያህል እንደሆነ፣ እንዲህ ያለውንም ሰው እንዴት ማንበብ እንደሚገባ የምታውቁ ብታስረዱን ምስጋናችን የላቀ ነው።

መልስ፦ የታሪክ መምህር፣ ባሕር ዳር

ጠያቂያችን፣ እርስዎ ያገኟቸው ሁለቱም የሕይወት ታሪኮች ምንጭ አላቸው። የመጀመሪያው ደራሲው ስለ ራሱ ከጻፈው የተቀዳ ሲሆን፣ ሁለተኛው ታቺሃራ ከሞተ በኋላ ወዳጁ የነበረው ደራሲ ታካይ ዩዊቺ መርምሮ በ1991 ያሳተመው ነው። ዛሬ ትክክል ሆኖ የተያዘው ሁለተኛው ነው። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ሰውየው ጃንዋሪ 6 ቀን 1926፣ በእኛ አቆጣጠር የ1918 ዓ.ም. የገና ዋዜማ በሚውልበት ዕለት፣ በደቡብ ምሥራቅ ኮርያ በአንዶንግ አውራጃ ከኮርያውያን ወላጆች ተወለደ። ስሙም ኪም ዩን ግዩ ተባለ። የትውልድ መንደሩ ቦንግጆንግሳ የተባለው የቡድሃ ገዳም ካለበት ተራራ አጠገብ ነው። ይህ ገዳም ዛሬ ኮርያ ውስጥ ቆመው ከሚገኙት የእንጨት ሕንፃዎች ሁሉ ጥንታዊው የሚባለውን አዳራሽ የያዘ ሲሆን፣ በ2018 ከሌሎች ስድስት የተራራ ገዳማት ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የአባቱም ኑሮ ከዚህ ገዳም ጋር የተያያዘ ነበር። እንግዲህ ገዳሙ ፈጠራ አይደለም፤ ፈጠራው የመሳፍንቱ ዘርና የጃፓኑ ደም ነው። አባቱ ልጁ ገና አምስት ዓመት ገደማ ሳለ ሞቱ፤ እናቱም ወደ ጃፓን ተሻግረው ሌላ ባል አገቡ። ልጁ በዘመድ እጅ ቆይቶ በ1937 እናቱን ተከትሎ ዮኮሱካ ወደምትባለው የጃፓን ባሕር ኃይል የወደብ ከተማ ሄደ።

የክበባችሁ አዛውንት ከመፍረዳቸው በፊት ይህን ጊዜ በደንብ እንዲያዩልኝ እለምናለሁ። ጃፓን ኮርያን በ1910 ጠቅልላ ከያዘች በኋላ ቋንቋውን ከትምህርት ቤት እስከ ማስወጣት ደርሳለች፤ በ1940 ደግሞ ኮርያውያን የጃፓን ዓይነት የቤተሰብ ስም እንዲይዙ የሚያስገድድ ደንብ በሥራ ላይ አዋለች። በዚያ ዘመን ዮኮሱካ ውስጥ ኪም ተብሎ መጠራት ምን ያስከትል እንደነበር መገመት አያዳግትም። እንዲህ ባለ ዘመን ምን ያድርግ? ልጁ ኪም ዩን ግዩ ነበረ፤ እናቱ ሲያገቡ ኖሙራ ተባለ፤ ከ1940 ደንብ በኋላ ካናይ ማሳአኪ ሆነ፤ ከጦርነቱ በኋላ ጃፓናዊት አግብቶ በሚስቱ ቤተሰብ መዝገብ ሲገባ ዮኔሞቶ ማሳአኪ ተባለ፤ ታቺሃራ የሚለውን የብዕር ስሙን ሕጋዊ ያደረገው በ1980፣ ሊሞት ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። ከእነዚህ መካከል እሱ በገዛ ፈቃዱ የመረጠው የመጨረሻውን ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ሥራውን በተመለከተ፣ በዋሴዳ ዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ጽሕፈት ገባ፤ ኑሮውንም በካማኩራ ከተማ አደረገ። በ1964 እና በ1965 ያሳተማቸው ሁለት አጫጭር ልብ ወለዶች ለአኩታጋዋ ሽልማት ታጭተው ሳያገኙ ቀሩ፤ በ1966 ግን የናኦኪን ሽልማት ተቀበለ። ለማያውቁ አንባቢዎች፣ ሁለቱ ሽልማቶች በ1935 አብረው የተቋቋሙ ሲሆኑ፣ አኩታጋዋ ለረቂቅ ሥነ ጽሑፍ፣ ናኦኪ ብዙ አንባቢ ለሚያገኝ ልብ ወለድ ይሰጣሉ። በ1965 የወጣው ታሪክ ለጥያቄዎ በቀጥታ ይመለከተዎታል፦ የኮርያና የጃፓን ደም የተቀላቀለባቸው ሁለት ወንድማማቾች በጦርነቱ ማብቂያ ላይ ከሁለቱም ወገን ሳይሆኑ ሲቀሩ፣ አንደኛው በገዛ ጃፓናዊ ዘመዱ እጅ ሲገደል ያሳያል። ታቺሃራ ራሱ ድብልቅ አልነበረም፤ ነገር ግን ሙሉ ኮርያዊም ሙሉ ጃፓናዊም ሆኖ መኖር ያልተፈቀደለት ሰው ስለ ራሱ ሊናገር የሚችልበትን መልክ ያገኘው በድብልቁ ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሌላ መንገድ አልነበረም ማለቴ አይደለም። ጃፓን ውስጥ የሚኖሩ ኮርያውያን፣ ዛይኒቺ የሚባሉት፣ ብዙ ደራስያን አሏቸው፤ ሊ ሆይሰንግ ለምሳሌ ስለ ኮርያዊት እናት በግልጽ ጽፎ በ1972 አኩታጋዋን ከወገኖቹ ሁሉ ቀድሞ ተቀብሏል። ታቺሃራ ከእነሱ ተለይቶ የጃፓንን የመካከለኛ ዘመን ውበት፣ ኖህ የተባለውን ጥንታዊ የጭምብል ተውኔት፣ የዜንን የአትክልት ቦታ ከጃፓኖቹ ይበልጥ ጃፓናዊ ሆኖ ሊጽፍ ተነሣ። በኦገስት 12 ቀን 1980 በምግብ ቧንቧ ካንሰር በ54 ዓመቱ ዐርፎ በካማኩራ ዙይሰንጂ በተባለው የዜን ገዳም ተቀበረ። ያን ገዳም በ1327 ያቋቋመው ሙሶ ሶሰኪ የአትክልት ነዳፊ መነኩሴ ነበር፤ ከበስተጀርባው ያለው የአትክልት ቦታም ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራ ነው። እናንተ ያነበባችሁትን ልብ ወለድ የጻፈ ሰው ሌላ የት ይቀበራል?

መልስ፦ ዲያቆን ዘዋሸራ

መምህር የሰውየውን ታሪክ አሳምረው ስላስረዱ እኔ ስለ ቡድሂዝሙ ብቻ ጥቂት ልጨምር። የቅኔ ተማሪ እንጂ የቡድሃ ሊቅ አይደለሁምና ስሳሳት አርሙኝ።

መጀመሪያ መጠንቀቅ የሚገባን፣ የእነሱን «ሙጆ» በእኛ «ኃላፊ ጠፊ» መተርጎም ነው። ሙጆ ማለት የሚጸና ነገር የለም፣ ሁሉ ይለወጣል ማለት ነው። እኛም «ከንቱ፣ ከንቱ፣ የከንቱ ከንቱ፤ ሁሉ ከንቱ ነው» እያልን አድገናል፤ በየልቅሶው ቤትም ይኸው ይነገራል። ሆኖም የእኛ መምህራን ዓለም እንደምታልፍ የሚነግሩን ዐይናችንን ከምታልፈው አንሥተን ወደማያልፈው እንድናቀና ነው። ዜን የሚያስተምረው ግን ዐይንን ከሚያልፈው ላይ እንዳያነሡ ነው። የሚረግፈውን አበባ ሲረግፍ ማየት እንጂ ከመርገፉ በስተጀርባ የሚቆም ሌላ ነገር መፈለግ የለም። ስለዚህም በታቺሃራ ታሪኮች ውስጥ ፍቅረኞች ሲጠፉ ደራሲው አይገሥጻቸውም፣ ተስፋም አይሰጣቸውም። የእኛ አንባቢ መጽሐፉን ጨርሶ «ታዲያስ?» የሚለው ለዚህ ይመስለኛል። ሁለቱን አንድ ነው ካልን ሁለቱንም አናውቃቸውም።

ሁለተኛው ነገር ኖህ ነው። በ1964 የጻፈው ታሪክ የተሰየመው በሌሊት ከቤት ውጭ በእሳት ብርሃን በሚታይ የኖህ ተውኔት ነው። በካማኩራ እንዲህ ያለው ትርኢት ከ1959 ጀምሮ በየዓመቱ ይቀርባል። እኔ በስልኬ ነው ያየሁት። ከመድረኩ ዳር በብረት ቅርጫት ጥድ ይነዳል፤ ተዋናዩ ከእንጨት የተቀረጸ ጭምብል አጥልቆ ይቆማል፣ ለረጅም ጊዜም አይንቀሳቀስም። ጭምብሉ አንድ ነው፣ የሚለወጥ ፊት የለውም፤ ነገር ግን ተዋናዩ አንገቱን በጣም ጥቂት ዝቅ ሲያደርግ ፊቱ ያዝናል፣ ቀና ሲያደርገው ደግሞ ይበራል። እሳቱ ሲወዛወዝ ጥላው በጉንጩ ላይ ይሮጥና ያ የእንጨት ፊት የሚያለቅስ ይመስላል። ደጋግሜ ተመለከትሁት። ማኅሌት በተቆመበት ሌሊት የጧፉ ብርሃን በሊቃውንቱ ፊት ላይ ሲመላለስ ያየ ሰው ያ እሳት ምን እንደሚሠራ አይጠፋውም፤ ምንም እንኳ የሚቀርበው ጸሎት የተለየ ቢሆን።

ታቺሃራ አብዝቶ ያጠናው ዘኣሚ የተባለው የኖህ ሊቅ ከ600 ዓመት በፊት ለልጆቹና ለተተኪዎቹ ብቻ በጻፈው ትምህርት የተዋናይን ጸጋ «አበባ» ይለዋል፤ የተሸሸገ እንደሆነ አበባ ነው፣ ካልተሸሸገ አበባ አይሆንም ሲልም ይመክራል። የኔታ ውስጠ ወይራ ቅኔ ሲያስተምሩን ወርቁ በሰሙ ላይ ፈጥጦ ከወጣ «ቅኔህ ራቁቱን ቆመ» ይሉን ነበር። ስለዚህ የሰውየውን የተሸሸገ ትውልድ ስሰማ ወዲያው ልፈርድበት አልቻልኩም። የተወለደበት ዘር ወርቁ፣ የመሳፍንቱ ተረት ሰሙ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ቅኔ ሰሚው ሊፈታው ይቀርባል እንጂ ሊታለልበት አይቀርብም። የታቺሃራን ወርቅ ሌላ ሰው ከሞተ በኋላ ቆፍሮ ነው ያወጣው።

አንድ ነገር ላንሣና ላብቃ። መምህር የስሞቹን ብዛት ሲቆጥሩ በጃፓን የቡድሃ ሥርዓት ለሟች አዲስ ስም እንደሚሰጥ ሳይጠቅሱ አለፉ። ለታቺሃራም ተሰጥቶታል። እኛ የክርስትና ስም የምንለው በጥምቀት ይሰጥና በፍታት ጊዜ ጎልቶ ይጠራል፤ የእነሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠውም የሚጠራውም ከሞት በኋላ ነው።

መልስ፦ ከቢቸና

ወንድሞቼ የጻፋችሁትን በጥሞና አነበብሁ። ልጽፍ አልነበረም፤ «ዘር ከልጓም ይስባል» እየተባለ ያደገ ሰው ግን ዝም ማለት ይከብደዋል።

እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ይህን በጽሑፍ ሳሰፍር ይህ የመጀመሪያዬ ነው። በአገራችን ሸክላ ሠሪ ምን እንደሚባል ለጎጃም ሰው አላስረዳም። ምጣዷን ሁሉም ይገዛታል፣ እንጀራውም በእሷ ምጣድ ይጋገራል፤ በሠርግ ቀን ግን ለብቻዋ ትቀመጣለች፤ ልጅ ሲያመው ዐይን ወደ እሷ ይዞራል። ወደ ከተማ ለትምህርት ስሄድ የተከራየሁባቸው ሴትዮ «የማን ልጅ ነሽ?» ሲሉኝ «የገበሬ» አልኳቸው። አባቴ ጥቂት ያርስ ስለነበር ግማሹ እውነት ነው። እናቴ ቅዳሜ ገበያ ስትመጣ ጀበና ተራ በኩል እንዳላልፍ ዙሬ እሄድ ነበር። አንድ ቀን ግን ተገጣጠምን። አየችኝ፤ ከጓደኞቼ ጋር መሆኔን ስታይ ዐይኗን ወደ ጀበናዎቿ መለሰችና አንዱን አንሥታ በጣቷ ማንኳኳት ጀመረች፣ ስንጥቅ እንዳለው እንደምትፈትሽ። ስንጥቅ እንደሌለው ሁለታችንም እናውቃለን።

ስለዚህ መምህር «እንዲህ ባለ ዘመን ምን ያድርግ?» ሲሉ ይገባኛል፤ ነገር ግን መደበቅና መፍጠር አንድ አይደሉም። እኔ ደበቅሁ እንጂ የደጃዝማች ልጅ ነኝ አላልኩም። ይህን ከጻፍሁ በኋላ ቆም ብዬ ሳስብ ደግሞ፣ ያላልኩት ስላልዋሸሁ ነው ወይስ ሴትዮዋ ሁለተኛ ስላልጠየቁኝ? እስከ ሰባት ቤት በሚቆጠርበት አገር ዝም ያለ ሰው ይጠየቃል፤ የተጠየቀ ሰው አንድ ነገር መመለስ አለበት። ጥያቄው በየዓመቱ በመጽሔት በሚቀርብለት ታዋቂ ሰው ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ አላውቅም።

ስለ ታቺሃራ የማውቀው በሸክላ በኩል ነው። የኮርያን የድሮ ነጭ ሸክላ አጥብቆ ይወድ ነበር። ይህን ስሰማ የጃፓኖችን የሻይ ጎድጓዳ ሳህን ነገር አስታወስሁ። በኪዮቶ ዳይቶኩጂ በተባለ የዜን ገዳም ውስጥ ኪዛኤሞን የሚባል አንድ ሳህን አለ፤ በጃፓን መንግሥት ብሔራዊ ሀብት ተብሎ የተመዘገበ ነው። የተሠራው ግን በ16ኛው መቶ ዘመን ኮርያ ውስጥ፣ ስሙ በማይታወቅ ሸክላ ሠሪ እጅ ነው። ፎቶውን አጉልቼ አየሁት፤ ተዛንፏል፣ ሲዞር የጣት መስመር ቀርቶበታል፣ ከእግሩ ሥር ቅባቱ እንደ ጤዛ ነጠብጣብ ሆኖ ደርቋል። እናቴ ብታየው «ይህስ ለገበያ አይወጣም» ትል ነበር። የጃፓን የሻይ ሊቃውንት ግን ከዜን በተማሩት ዐይን ያን መዛነፍ፣ ያን ሳይጠበቡበት መሠራቱን ወደዱት፤ ባለቤት የነበረውን የጃፓን ነጋዴ ስም አውጥተውለትም አከበሩት። የሠሪው ስም የለም። በ1592 የጃፓን ጦር ኮርያን በወረረ ጊዜና ከዚያም በኋላ እስከ 1598 ድረስ ብዙ ኮርያውያን ሸክላ ሠሪዎች ወደ ጃፓን ተግዘዋል፤ የአሪታ ሸክላ በዓለም የታወቀው በእነሱ እጅ ነው።

ኮርያ ውስጥ ተሠርቶ፣ ጃፓን ተወስዶ፣ የጃፓን ስም ወጥቶለት፣ ከጃፓን ዕቃ ሁሉ ይበልጥ ጃፓናዊ የሆነ ሳህን። ታቺሃራ እነዚያን ሸክላዎች በእጁ ይዞ ሲያገላብጥ ምን ያስብ ነበር? ለእኔ ከትውልዱ ጥያቄ ይልቅ የሚያብሰለስለኝ ይህ ነው። ዲያቆን፣ የቡድሃን ተጽዕኖ በእሳትና በጭምብል አሳይተዋል፤ እኔ በሳህኑ በኩል ይበልጥ ይገባኛል። ያ እምነት ጠማማውንና ስም የለሹን ዕቃ ማክበር አስተምሯል፤ የሠሪውን ወገን ግን ማክበር አላስተማረም። ቢያንስ በዮኮሱካ አላስተማረም።

መልስ፦ የታሪክ መምህር፣ ባሕር ዳር

እኅቴ፣ «ምን ያድርግ?» ያልኩትን አነሣለሁ። መፍጠርና መደበቅ የተለያዩ መሆናቸውን አሳይተውኛል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ታቺሃራ የፈጠረው ዘር ሙሉ በሙሉ ጃፓናዊ አልነበረም፤ ኮርያዊነቱን ግማሽ አድርጎ አስቀርቶታል። እስከ ጥግ መዋሸት ቢፈልግ ዮኔሞቶ በሚለው የመዝገብ ስሙ ዝም ብሎ መኖር ይችል ነበር። ለምን አልተወውም?

የጠያቂው ምላሽ፦ ከአብማ ማርያም ሰፈር

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልን። መልሶቻችሁን በወረቀት አሳትሜ ትናንት ለክበቡ አነበብሁላቸው። የከቢቸናዋን እኅታችንን ጽሑፍ ሳነብ መጽሐፉን አጥፈው ያስቀመጡት አዛውንት ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያም «ለመሆኑ የዚያች ሴት ጀበና በእጇ የቀረ አለ ወይ?» ብለው ጠየቁ። መጽሐፉንም ለሚቀጥለው እሑድ ይዘውት ሄደዋል፤ ሐሳባቸውን ለውጠው እንደሆነ ግን አልነገሩንም።

እኅቴ፣ ከቢቸና ደብረ ማርቆስ ሩቅ አይደለም። ፈቃድዎ ከሆነ በዚያ እሑድ ቡና እናፈላለን።

መልስ፦ ከቢቸና

አንድ ቀርቷል። እናቴ ከመተኮሷ በፊት ጭቃው ገና እርጥብ ሳለ ከእጀታው ሥር በአውራ ጣቷ ጫን ታደርገው ስለነበር የእሷን ከሌሎች ገበያ ላይ እንለየዋለን። አፉ ትንሽ ተሸርፏል፣ ቡና ግን ያፈላል። ይዤ እመጣለሁ።